ስሙን ማንም የማያውቀው ኮሌጅ

«ኮሌጅ ፓርክ ተቀብሏት ሳለ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ ኮሌጅ ፓርክ የምንለው ትልቁን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ጠበል ጻዲቅ እየቀመስን ነበር። ጠያቂዬ ልጄን ክርስትና ከተነሣችበት ቀን ጀምሮ የሚያውቋት፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ የማከብራቸው ጋሼ ናቸው። አጠያየቃቸው ላይ ክፋት አልነበረም። «ልጅቷ ጎበዝ ናት። ምን ጎድሏት ነው ስሙ ወደማይታወቅ ትምህርት ቤት የምትልኳት?» አሉኝ። የሆነ መልስ ሰጠኋቸው፤ ግን ለእኔም አልበቃኝም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይም ሆነ መኪና ውስጥ ያ ጥያቄ እየተመላለሰ ያስቸግረኛል። ይህን የምጽፈው በቅጡ ልመልሰው ብዬ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግና ዙሪያዋ የምንኖር ሰዎች የለመድነውን መንገድ እናውቀዋለን። ወይ በቀጥታ ኮሌጅ ፓርክ፣ ወይ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ከዚያ ኮሌጅ ፓርክ። መልካም መንገድ ነው፤ ስንት ነርስ፣ ስንት ኢንጂነር፣ ስንት አካውንታንት አፍርቶልናል። ልጄ ግን አሥራ አንደኛ ክፍል እያለች አንድ ምሽት «ከሜሪላንድ አልወጣም፤ ግን ትንሽ ትምህርት ቤት ነው የምፈልገው» አለችን። ያን ጊዜ እናቷም እኔም እንዲህ ያሉት ኮሌጆች በራሳችን ስቴት ውስጥ መኖራቸውን እንኳ በደንብ አናውቅም ነበር።

እያጣራች ሄዳ በመጨረሻ አራት ቀሩ። ዌስትሚንስተር ያለው ማክዳንኤል፣ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ቼስተርታውን ያለው ዋሽንግተን ኮሌጅ፣ ከባልቲሞር አጠገብ ታውሰን ያለው ጋውቸር፣ በስቴቱ ደቡብ ጫፍ ያለው ሴይንት ሜሪስ ኮሌጅ ኦፍ ሜሪላንድ። አናፖሊስ ያለው ሴይንት ጆንስም ለጥቂት ጊዜ ልቧን ስቦት ነበር። እዚያ ተማሪው ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት ይማራል፤ ከሆሜርና ከኤውክሊድ ጀምሮ የጥንቶቹን መጻሕፍት ራሳቸውን ያነባል፣ ግሪክኛም ያጠናል። እኔ እንኳ በወጣትነቴ ባገኘው ብዬ ተመኝቻለሁ። እሷ ግን ባዮሎጂን ራሷ መርጣ ጠለቅ ብላ መማር ስለፈለገች ተወችው።

በምደባ ያደግን ሰዎች

የእኔ ትውልድ ኮሌጅ መርጦ አያውቅም። ማትሪክ ተፈተንን፣ ፎርም ሞላን፣ ምደባው ሲለጠፍ ተጋፍተን ስማችንን ፈለግን። ሕግ ብዬ ሞልቼ የዕፅዋት ሳይንስ ደረሰኝና ሻንጣዬን ይዤ ዓለማያ ወረድኩ። ትምህርቱን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን «ለአንተ የሚስማማህ ምን ዓይነት ቦታ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ባለቤቴንም የጠየቃት የለም። ልጃችን ያንን ጥያቄ ይዛ ስትመጣ እጃችን ላይ የነበረው መመዘኛ ስምና ዋጋ ብቻ ነበር። በእነዚያ ሁለት መመዘኛዎች ደግሞ አራቱም ኮሌጆች ገና ከመነሻው ይወድቃሉ፤ ስማቸውን ጎረቤት አያውቀውም፣ የሦስቱ ዋጋ ደግሞ ያስደነግጣል።

ትንሽ ኮሌጅ ለአገራችን ባዕድ ነገር አለመሆኑን ያስታወስኩት ቆይቼ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1950፣ በእኛ በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር የካቶሊክ ጀስዊት ማኅበር አባል በሆኑት በካናዳዊው ሉሲየን ማት የሚመራ፣ ተማሪው መቶ የማይሞላ የአርትስና የሳይንስ ኮሌጅ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በዚያ ዘመን ከተማሩ አንድ አባት ጋር ቁጭ ብዬ ስጫወት ስለ ሕንፃውም ስለ ዲግሪውም ብዙ አላወሩኝም። ያወሩኝ ድርሰታቸውን በቀይ እስክርቢቶ አርሞ፣ ቢሮው አስቀምጦ «ይህን ለምን አልክ?» ይላቸው ስለነበረ አንድ መምህር ነው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እንኳ ያ ጥያቄ ከእሳቸው ጋር ነበር።

በየደጁ ስንዞር

ከእኛ ቤት ወደ ዋሽንግተን ኮሌጅ ቀጥተኛው መንገድ የቼሳፒክን ረጅም ድልድይ ያሻግራል። ኮሌጁ በ1782 ሲቋቋም ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ስሙን እንዲጠቀሙበት ፈቅዶ 50 ጊኒ (የዘመኑ የወርቅ ሳንቲም) ለግሶለታል። በየዓመቱ ከተመራቂዎቹ ለአንዱ ጎበዝ ጸሐፊ የሚሰጥ፣ ከ60,000 ዶላር በላይ የሆነ የሶፊ ከር ሽልማት የሚባል ነገር አለው። ልጄ ማታ ማታ በደብተሯ የምትጽፈውን ስለማውቅ ይህን ስትሰማ ፊቷን አየሁት።

ማክዳንኤል በ1867 የተመሠረተ ነው። እስከ 2002 ድረስ በአንድ የባቡር ኩባንያ ስም ዌስተርን ሜሪላንድ ኮሌጅ ይባል ነበር። ቡዳፔስት ውስጥ ሁለተኛ ግቢ አለው። ከእኛ ቤት አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ባለቤቴ ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ሳለን ወደደችው። ጋውቸር ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት ውጭ አገር ሄዶ እንዲማር አድርጓል። ያን ጊዜ ለአሜሪካ ኮሌጅ እንግዳ ነገር ነበር።

ሴይንት ሜሪስ ከአራቱ ብቸኛው የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ወደ 1,600 ተማሪዎች አሉት፤ ስቴቱ ከ1992 ጀምሮ የመንግሥት «ኦነርስ ኮሌጅ»፣ ማለትም ለጎበዝ ተማሪዎች የታሰበ ኮሌጅ ብሎ ሰይሞታል። ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ይነዳል፤ መጨረሻው ላይ መንገዱ በዛፍ መሀል ይገባና ወንዝ ዳር ያወጣል። ቦታው በ1634 የተቆረቆረው የሜሪላንድ የመጀመሪያ ዋና ከተማ ነው። ማቲያስ ደ ሱሳ የሚባል አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያለው ሰው በ1642 እዚህ በያኔዋ ቅኝ ግዛት ሕግ አውጪ ጉባኤ ተቀምጧል። ማርጋሬት ብሬንት የምትባል ሴት ደግሞ በ1648 ጉባኤው ፊት ቆማ ድምፅ ይሰጠኝ ብላ ጠይቃ ተከልክላለች። ዛሬ በሁለቱ ስም የተሰየመ የተማሪዎች መደገፊያ ፕሮግራም አለ። ግቢው ውስጥ በ2020 የቆመ፣ በዚያ ምድር በባርነት ይኖሩ ለነበሩ ሰዎች መታሰቢያ የሆነ ጎጆ አለ። ግድግዳው እንደ መስታወት የተወለወለ ብረት ስለሆነ ቀርቦ የሚያይ ሰው ራሱን ያገኛል። ልጄ እዚያ ፊት ብዙ ቆየች። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኋት፤ እንዲህ ያለ ታሪኩን ሳይሸፍን ደጃፉ ላይ ያቆመ ትምህርት ቤት አክብሮት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ጠረጴዛው ዙሪያ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሴይንት ሜሪስን በሥራ ቀን ስንጎበኝ ልጄ አንድ የአካባቢ ሳይንስ ክፍል ገብታ እንድትከታተል ፈቀዱላት። መምህርቷ እኔንም በር አጠገብ ወንበር ሰጡኝ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። የዕለቱ ርዕስ ኦይስተር ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ሰው የሚበላው ባለ ዛጎል እንስሳ። አንድ አዋቂ ኦይስተር በቀን እስከ 50 ጋሎን ውኃ ያጣራል፤ የባሕረ ሰላጤው ጤና በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰሌዳው ላይ ያለው ግራፍ በ1880ዎቹ በሜሪላንድ በዓመት እስከ 15 ሚሊዮን ቡሽል (የመስፈሪያ ስም ነው) ይያዝ እንደነበር፣ ከዚያ መስመሩ እንዴት እንዳሽቆለቆለ ያሳያል። መምህርቷ «እንግዲህ ኦይስተሩ እንዲህ ተመናመነ» ብለው ሊያልፉ ሲሉ የልጄ እጅ ወጣ።

እንግዳ ናት፤ ተማሪ እንኳ አይደለችም። «ይቅርታ፣ በዚህ አልስማማም» አለች። «ግራፉ የሚያሳየው ስንት እንደተያዘ ነው። ወንዙ ውስጥ ስንት እንዳለ አይናገርም። አጥማጁ ከቀነሰ ኦይስተሩ ባይቀንስም መስመሩ ይወርዳል።»

ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተጨበጠ። ያደግሁበት ቤት፣ የተማርኩበት ክፍል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። ዓለማያ እያለሁ መምህሬ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ቁጥር ስህተት ነው ብዬ እያወቅሁ ደብተሬ ላይ ገልብጬ ወጥቻለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብሎ ነው ያደግነው፤ ልጆቻችንንም ያሳደግናቸው በዚያው ነው። ልጄ በሃይስኩሏ ሠላሳ ተማሪ ባለበት ክፍል እጇን እንደማታወጣ አስተማሪዎቿ በየስብሰባው ነግረውኛል። «ጨዋ ናት፣ ጥሩ ትሠራለች፣ ግን አትናገርም» ይሉኛል። እኔም ጨዋ የሚለውን ይዤ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር።

መምህርቷ ምን እንደሚያደርጉ ጠበቅሁ። ማርከሩን ከድነው አስቀመጡ። ወንበር ስበው ጠረጴዛው ዳር ተቀመጡና «ቀጥዪ» አሏት። ቀጠለች። ከእሷ በኋላ አንድ ልጅ ተናገረ፣ ከዚያ ሌላዋ፤ የቀረው የትምህርት ሰዓት በሙሉ በዚያ ግራፍ ላይ አለቀ። ለዚያ ቀን ከተዘጋጀው ትምህርት ብዙው እንደቀረ ያስታውቃል፤ ግን ማንም ቅር ያለው አይመስልም።

ወላጆቻችን ሌላም አባባል አላቸው፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ሁለቱንም አባባሎች ከአንድ አያት አፍ ሰምቻለሁ። የትኛው መቼ እንደሚሠራ ግን የሚያስተምረን ሰው አልነበረም። ለልጅ ሁለተኛውን የሚያስተምር ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ ስሙ ታወቀም አልታወቀም ዋጋ አለው ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አንድ መምህር፣ አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል አይቶ መፍረድ ይቻላል? እኚህ መምህርት በሚቀጥለው ዓመት ለምርምር ፈቃድ ቢወጡስ? ስለዚህ ከሌሎቹ ኮሌጆች በአንዱም እንዲሁ በተራ ቀን ክፍል ገብተን ተቀመጥን። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ አንድ ቀን ብቻ አይቼ ስም ማንሣት ፍትሐዊ አይሆንም። ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። መምህሩ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ስላይድ እያሳዩ አነበቡ። ተማሪዎቹ ጻፉና ወጡ። አሥራ ሁለት ሰው ይዞ እንደ ሦስት መቶ ሰው ማስተማር እንደሚቻል በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ኮሌጆች በብሮሹራቸው ላይ «አንድ መምህር ለአሥር ተማሪ» ሲሉ ቁጥሩ አያስደንቀኝም። ትንሽነት ብቻውን ልጅን አያናግርም። የሚያናግረው መምህሩ በዚያ ትንሽነት ምን ያደርግበታል የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ብሮሹር ላይ አይጻፍም። ተቀባይነት ላገኙ ተማሪዎች በሚዘጋጀው የጉብኝት ቀን፣ ፊኛ ተሰቅሎ ኬክ ሲቆረስም አይታይም። ማክሰኞ ጠዋት ሄዶ በር አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ደብዳቤው ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር

ገንዘቡን ሳላነሣ ብቀር አንባቢዬን እበድላለሁ። የሦስቱ የግል ኮሌጆች ዋጋ ከምግብና ከመኝታ ጋር በዓመት ከ60,000 ዶላር በላይ ነው። ይህን አይተው የሚመለሱ ብዙ ወገኖቼን አውቃለሁ። ነገር ግን ያንን ዋጋ በሙሉ የሚከፍል ተማሪ ጥቂት ነው። የግል ኮሌጆች ለአዲስ ገቢዎቻቸው ከትምህርት ክፍያው በአማካይ ከግማሽ በላይ ይቀንሳሉ። ቅናሹን ሜሪት ስኮላርሺፕ ብለው በሚያምር ደብዳቤ ይልኩታል። በየማኅበሩ «ልጄ የ120,000 ዶላር ስኮላርሺፕ አገኘች» ሲባል እሰማለሁ፤ ደስታው ይገባል። ቁጥሩ ግን የአራት ዓመት ድምር ነው። በዓመት 30,000 ከ65,000 ላይ ሲቀነስ 35,000 ይቀራል። ያ ደግሞ ሴይንት ሜሪስ ለሜሪላንድ ልጅ ያለምንም ስኮላርሺፕ ከሚያስከፍለው ይበልጣል። ስለዚህ የምናነጻጽረው የስኮላርሺፑን መጠን ሳይሆን ከተቀነሰ በኋላ ከኪሳችን የሚወጣውን ነው። ስኮላርሺፑ በአራቱም ዓመት ይቀጥላል ወይ፣ ስንት ነጥብ ይጠይቃል፣ ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር እሱም አብሮ ይጨምራል ወይ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

በስቴት ውስጥ መቅረት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሃዋርድ ፒ. ሮሊንግስ ግራንቶች የሚባሉት የስቴቱ የገንዘብ ድጋፎች ሜሪላንድ ውስጥ ባለ የግል ኮሌጅም ይሠራሉ፤ ፔንሲልቬኒያ ከተሻገሩ ግን የሉም። ለዚህ ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ እስከ ማርች 1 መሞላት አለበት። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሜሪላንድ የየወረዳው ስቴት ሴናተርና ዴሊጌቶች (የስቴቱ ምክር ቤት አባላት) ራሳቸው የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አላቸው። ገንዘቡ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ መጽሐፍና መንገድ ግን ይችላል። ድምፅ የምንሰጣቸው ሰዎች ናቸውና ቢሯቸው መደወል መብታችን ነው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ፋፍሳ ያገኘነውን ሁሉ ይጠይቃል፤ በየወሩ ለእናቴና ለባለቤቴ ወንድሞች አገር ቤት የምንልከውን የሚጽፉበት ቦታ የለውም። ቅጹ ላይ እኛ ካለን በላይ ያለን ሰዎች ነን። ለኮሌጆቹ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮዎች ይህንኑ ደረሰኝ አያይዤ ጻፍኩ። አንዱ አይቻልም አለ፣ አንዱ መልስ አልሰጠም፣ አንዱ ጥቂት ሺህ ዶላር ጨመረ። የአገር ቤት እናትን መጦር እዚህ አገር ጉዳይ እንዲሆን የምንጠይቅ ሰዎች እየበዛን ብንመጣ መልካም ነው።

የትንሽነት ሌላው ፊት

ትንሽ ኮሌጅ ደካማ ጎን አለው፤ ይህን ደብቄ መጻፍ አልፈልግም። በ2018 ጋውቸር ሒሳብና ፊዚክስን ጨምሮ የተወሰኑ ዋና ትምህርቶችን (ሜጀር) እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። በ2019 ማክዳንኤል ሙዚቃን፣ ፈረንሳይኛንና ጀርመንኛን ጨምሮ አምስት ያህል ዋና ትምህርቶችን አገደ። በሌሎች ስቴቶች ደግሞ ጨርሰው የተዘጉ አሉ፤ አላባማ ያለው በርሚንግሃም ሳዘርን በ2024 በሩን ዘግቷል። የተማሪ ቁጥር ሲቀንስ በትንሽ ኮሌጅ ላይ ቶሎ ይታያል። ስለዚህ በየሄድንበት «በዚህ ዲፓርትመንት ስንት ቋሚ መምህራን አሉ? ባለፉት አምስት ዓመታት የወጡት ተተክተዋል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዳንዱ ጋ መልሱ ቶሎ መጣ፣ አንዳንዱ ጋ ዞር ያለ ንግግር ሆነ። ልጅ ልኮ አራት ዓመት የሚከፍል ሰው ይህን መጠየቁ ድፍረት አይደለም።

ብቸኝነቱም አለ። እዚያ ደቡብ ጫፍ ቅዳሴ ለማድረስ ሩቅ መንዳት ያስፈልጋል፤ እንጀራው ከቤት ተጭኖ ነው የሚሄደው። የእሷን ስም ሳይሰባብር የሚጠራ ሰው ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ኮሌጅ ፓርክ ቢሆን የሐበሻ ተማሪ ሞልቷል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት ብዙ ሌሊት አልተኛችም፤ እስከ አሁንም ማክዳንኤል ይሻል ነበር ትላለች፤ ታመመች ቢሉን በአንድ ሰዓት እንደርስ ነበር። ይህን ስትል የምመልስላት የለኝም፤ እውነቷን ነው።

ሜይ 1 ሳይደርስ ለሴይንት ሜሪስ መያዣውን ከፈልን። ለጋሼም እንዲህ ብዬ ልመልስ አስቤ ነበር፤ ልጄ የምትናገርበትን ቦታ አግኝታለች፣ ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ አይቼዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ግን ከመለጠፌ በፊት ለእሷ አነበብኩላትና አልተስማማችም።

«አባዬ፣ እኔ እዚያን የመረጥኩት ስለተናገርኩ አይደለም» አለችኝ። «ከእኔ ቀጥሎ የተናገረውን ልጅ ረሳኸው?»

ምን እንዳለ አላስታውስም ነበር፤ ያን ሰዓት የምሰማው የራሴን ልብ ነው። ነገረችኝ። ልጁ «አጥማጆቹ ለምን ቀነሱ? ኦይስተሩ ስላለቀ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሐሳቧን አፍርሶባት ነበር። እሷም መልስ አልነበራትም። ሲወጡ ኮሪደር ላይ ጠብቋት ስለ ጉዳዩ የሚነበብ ነገር ነገራት፤ ቤት እንደደረሰች ፈልጋ አነበበችው። አሁን የሁለቱም ሐሳብ ግማሽ ግማሹ ትክክል ነው ብላ ታስባለች፤ ኦይስተሩን የቀነሰው የአጥማጆቹ ሥራ የት አብቅቶ የኦይስተሩ በሽታ የት እንደጀመረ መለየት ትፈልጋለች። በመጨረሻው ዓመት ከአንድ መምህር ጋር ሆነው የሚሠሩትን የጥናት ሥራ በዚሁ ላይ ልሥራው ወይ ብላ ከአሁኑ ለመምህርቷ ኢሜይል ጽፋለች። መምህርቷም መጀመሪያ ስታትስቲክስ ውሰጂ ብለው መልሰውላታል።